ከድንጋይ ዱቄት የተሠራው ማደሪያ

አቶ ይታያል በቢቸና ስማቸው የታወቀ ግንበኛ ናቸው። አርባ ዓመት ድንጋይ ጠርበው ጉልበታቸው ሲደክም መዶሻውን አስቀመጡና የደብሩ የቅኔ ተማሪዎች ማደሪያ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኑ። የቀድሞው ማደሪያ የጭቃ ቤት ነበር። ማገሩን ምስጥ በልቶት ባለፈው ክረምት ተደረመሰ፤ ተማሪዎቹ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በየሰዉ ደጅ ተበትነው ያድራሉ። እንግዲህ አንድ ሐሙስ ጠዋት አቶ ይታያል የወንዝ አሸዋ የሚያመላልስ ባለመኪና ፍለጋ ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ከአጠገባቸው አንዲት ወጣት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ ተቀምጣለች። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ ደረቷ ታስጠጋዋለች። የአቶ ይታያል አንጀት አልቻለም።

«የኔ ልጅ፣ ክንድሽ ዛለ እኮ። ሕፃኑን እስቲ ለኔ ስጪኝና ጥቂት እረፊ።»

የወጣቷ ፊት በሣቅ ተሞላ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፤ ግን ይከብድዎታል።»

«ሰባት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ!» ብለው ተቀበሏት። ክብደቱ ቁልቁል ሲጎትታቸው ደነገጡ። የነጠላውን ጫፍ ቢገልጡት ግራጫ ብሎኬት ነው! ተሳፋሪው በሣቅ ፈነዳ። ረዳቱም «እናቱን ነው አባቱን የሚመስለው?» ብሎ ጨመረበት። አቶ ይታያል ራሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

«ለመሆኑ ይህ ምን ቢሆን ነው እንዲህ በክብር የተያዘው?» አሉ ሣቁ ሲበርድ።

«ትህትና እባላለሁ። የግንባታ ምህንድስና ተምሬ አምና ነው የተመረቅሁት። ይህን ብሎኬት የሠራሁት ከከተማችን ዳር ያለው ጠጠር መፍጫ ከሚጥለው የድንጋይ ዱቄት ነው። ሞጣ ባለ አንድ ማሠልጠኛ ጥንካሬውን ላስለካ ነው የምሄደው።»

የአቶ ይታያል ፊት ጠቆረ። ያ ዱቄት ለመንገድ ሥራ ጠጠር ሲፈጭ የተረፈ ነው፤ ተከምሮ ተከምሮ ጉብታ አክሏል። በበጋ ነፋስ በየቤቱ ይበትነዋል፤ በክረምት ጎርፍ ምንጩ ውስጥ ይከተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ በርበሬ ደጅ ካሰጡ ሦስት ዓመት አለፋቸው።

«እሱ ዱቄት አይደለም፤ መቅሠፍት ነው! ይነሣልን ብዬ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ፈርሜያለሁ።»

«መልካም አደረጉ። ግን ወዴት ይነሣ?»

ማመልከቻው ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር።

«ገደል ቢጣል ጎርፍ ይዞት ይወርዳል፤ እርሻ ላይ ቢፈስ ሰብል ያበላሻል» አለች ትህትና። «ግድግዳ ውስጥ በሲሚንቶ ከተያዘ ግን የትም አይሄድም።»

«አነጋገርሽስ ያምራል። እኔ ግን ግንበኛው ይታያል ነኝ፤ አሁንም ለቅኔ ተማሪዎች ማደሪያ አሸዋ ላስጭን ነው የምሄደው። አሸዋ ጥርስ አለው፤ ሲሚንቶውን ነክሶ ይይዛል። ዱቄት ምን አቅም አለው? ደግሞስ ዳዊት የሚደግሙ ልጆች በጥራጊ በተሠራ ቤት ይደሩ ማለት ነውር አይደለም?»

«ስለ ጥርሱ እውነትዎን ነው። ስለዚህ የአሸዋውን ግማሽ ብቻ ነው በተነፋ ዱቄት የተካሁት። የወንዝ አሸዋ ውኃ ሲያንከባልለው ጥርሱ ያልቃል፤ የመፍጫው ግን ገና ስለት አለው። ጥራጊ ላሉት ግን ልጠይቅዎት፤ ድንጋይ ሲጠርቡ ከመዶሻዎ ሥር የሚረግፈው ፍርፋሪ ከጠረቡት ድንጋይ በምን ይለያል?»

«በምንም። ከአንድ የድንጋይ ካባ ነው የወጡት» አሉ ሳይወዱ።

«ይህም እንደዚያው ነው፤ ድንጋዩ ያው ነው፣ ደቀቀ እንጂ። እርስዎስ አሸዋውን ከየት ሊያስጭኑ ነው?»

አቶ ይታያል የወንዙን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ወንዙ ዳር የወንድማቸው ማሳ አለ። አሸዋ አውጪዎች ሥሩን እየቆፈሩት በየዓመቱ አንድ እርምጃ እየተናደ ነው። ይህን እያወቁ ሌላ መንገድ አለ ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ልማድ እንዲህ ነው፤ ደጋግ ሰዎችን እንኳ ዓይናቸው እያየ በጎዳና የተጣለውን እንዲያልፉ፣ የሚጎዳቸውን እንዲያስጭኑ ያደርጋል።

«እንግዲህ ማሽኑ ይፍረድ» አሉ በመጨረሻ። «ሞጣ ስንደርስ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በማሠልጠኛው የተቀበላቸው ባለሙያ ምንይሉ ይባላል። ትህትና በሚኒባሱ ወንበር ሥር በማዳበሪያ ከረጢት አኑራ ያመጣችውን ሌላ ብሎኬት አውጥታ አስቀድማ እሱን ሰጠችው። መጭመቂያው ገና ሲጫነው ብሎኬቱ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ።

«እኔ ምን አልሁ!» አሉ አቶ ይታያል፣ እጃቸውን አጨብጭበው።

«አሁን ደግሞ ይህን» አለች ትህትና፣ በነጠላ የመጣውን እያቀበለች። የማሽኑ ቀስት ወጣ፤ የመጀመሪያው ከተሰበረበት አለፈ፤ ገና ወጣ። ምንይሉ ቁጥሩን አይቶ «ለማደሪያ ቤት ግድግዳ ከሚፈለገው በላይ ነው» አለ።

አቶ ይታያል ግን በቁጥር ብቻ የሚረኩ ሰው አልነበሩም። ሌላ ያልተሞከረ እንዳለ ጠየቁ፤ ትህትና ከዚያው ማዳበሪያ የመጨረሻውን አወጣች። መዶሻ ተውሰው ጆሯቸውን አስጠግተው መቱት። ጠርቶ ጮኸ። ደግመው መቱት።

«የደህና ድንጋይ ድምፅ ነው» አሉ በዝግታ። «ታዲያ የቅድሙ ምን ሆኖ ነው?»

«ውህዳቸው አንድ ነው። ያ ግን ፀሐይ ላይ ተጥሎ በሦስት ቀን የደረቀ ነው። እነዚህ ጥላ ሥር ሆነው፣ ጠዋትና ማታ ውኃ እየጠጡ፣ ወር የቆዩ ናቸው።»

«የሚሰበረውን ለምን አመጣሽው? ብትደብቂው ኖሮ ቶሎ ታሳምኚኝ ነበር።»

«ብደብቀው ኖሮ ነገ አንዱ ቸኩሎ ሳያጠጣ ይገነባና ግድግዳው በተማሪዎቹ ላይ ይናዳል።»

አቶ ይታያል ልጅቱን አተኩረው አዩዋት። በሥራ ዘመናቸው ያገኟቸው ነጋዴዎች ሁሉ የዕቃቸውን ደህና ጎን ብቻ ነበር የሚያሳዩት።

«እንዲህ ከሆነ ከየፋብሪካው የሚወድቀው ሁሉ ቤት ይሠራበታል በይኛ!»

«አይሠራበትም ጋሽ ይታያል። አንዳንዱ መርዝ አለበት፤ ሳይመረመር አይነካም። ይህ መርዝ የለበትም፤ ብናኙ ግን ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ስንነፋው አፍና አፍንጫችንን እንሸፍናለን፣ ውኃም እናርከፈክፋለን።»

አቶ ይታያል የዚያን ቀን ባለመኪናውን ሳይፈልጉ ተመለሱ።

በማግሥቱ ኮሚቴውን ሰበሰቡ። ያጉረመረመ አልጠፋም፤ አሁን ግን የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። የመፍጫው ኃላፊ ዱቄቱን ውሰዱልኝ ብሎ ለመጫኛ የራሱን መኪና ሰጠ፤ የቀረው ግማሽ አሸዋም ማሳ ከማይነካ ሌላ ወንዝ በዚያው መኪና መጣ። ትህትና የሠፈሩን ወጣቶች አሠልጥና ብሎኬቱን አሠራች። ወይዘሮ ፈንታነሽ «ያ የተረገመ አቧራ ውኃ ከያዘልን እኔው አጠጣዋለሁ!» ብለው የሠፈሩን ሴቶች አስተባበሩ፤ ጠዋትና ማታ በጆግ፣ በጀሪካን፣ በዘፈን ብሎኬቱን አጠጡት። አቶ ይታያል ያስቀመጡትን መዶሻ አንሥተው እያንዳንዱን ብሎኬት እየመቱ ያዳምጡ ነበር፤ ያልጮኸ አላለፈም።

ሰኔ ሲገባ ማደሪያው አለቀ። በምርቃቱ ቀን የቅኔው መምህር ሣህለ ማርያም ቆመው «ተረፈ ያላችሁት ትርፍ ሆነ!» ሲሉ ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ከሞጣ የመጡ እንግዶች የሥራውን ነገር ሲጠይቁ አቶ ይታያል ትህትናን ከጎናቸው አቁመው ተናገሩ።

«ወገኖቼ፣ በመጀመሪያ እኔም ተጠራጣሪ ነበርሁ። አሁን ግን እዩት። ጉብታው በግማሽ ጎድሏል፤ ምንጩ ጠርቷል፤ የወንድሜ ማሳ ዳር ዘንድሮ አልተቆፈረም። ለማገር የሚቆረጥ ዛፍ አልቆረጥንም፤ ምስጥም ከእንግዲህ እዚህ የሚበላው የለውም። አሥራ ሁለት ወጣቶች ሙያ ተምረው ለሌላ ሰው ብሎኬት እየሠሩ ነው። ባለቤቴም በርበሬዋን ደጅ አስጥታለች። ከእናንተ የምለምነው፣ አስመርምሩ፣ አጠጡ፣ አትቸኩሉ።»

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አቶ ይታያል የአምናው መደርመስ ትዝ ብሏቸው ጃንጥላ ይዘው ወደ ማደሪያው ሮጡ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገብተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ደረቅ ነው። ተማሪዎቹ ቅኔ እየዘረፉ ነበር። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንዳቸውም ቀና ብለው ጣራውን አላዩም፤ እንዲሰማላቸው ብቻ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።