ባለ ነጥቧ ካርታ

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። ወጣቷ ዕድል የምታይባቸውን ነጫጭ ካርታዎች ጭኗ ላይ ትደረድራለች።

«ሥዕል የለውም እንዴ?» አሏት ትልቋ።

«ባለ ሥዕሉን ቀበሌ ወሰደብኝ፣ እትዬ። ይሄን ራሴ ከካርቶን ቆረጥኩት። መስመሩ መንገድ ነው፣ ክቡ ቤት ነው፣ ነጥቡ ደብዳቤ ነው።»

«የሞትስ የለም?»

«ነበረ፤ ቀድጄ ጣልኩት።»

«ለምን?»

«አሁን የሚያስገልጡኝ ልጅ የዘመተባቸው እናቶች ብቻ ናቸው። ለየትኛዋ ልግለጠው?»

«እንግዲያ ክፉ አይወጣም በይኛ።»

«አይወጣም።»

ትልቋ ወደ ካርታዎቹ ጎንበስ አሉ።

«አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለእኔም ግለጪልኝ። ልጄ ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።»

«በግራ እጅዎ አንድ ይሳቡ።»

«በግራማ አልነካም። በቀኜ ነው።»

«እሺ፣ በቀኝ ይሁን።»

ሳቡና ገለበጡት።

«ነጥብ!»

«ደብዳቤ ነው፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ! ቀኑንስ ይናገራል?»

«ቀኑን እንኳ አይናገርም።»

በጠንቋይ ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ሮቢት ሳንደርስ ወጣቷ ካርታዋን ይዛ ወደ እኔም ዞር ብትል ብዬ ተመኘሁ።