የላይ እማ፣ የታች እማ

በእኛ ዕድሜ፣ ጣልያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ማለቴ ነው፣ ሴት ልጅ የምትኖርበትን አገር አትመርጥም ነበር። አባቴ እኔን ለላይ ሰው ዳረኝ፣ ታናሼን ወለላን ለታች ሰው ዳራት፣ አለቀ። ላይ ስላችሁ ከደባርቅ ወዲያ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ደጋ ነው፤ ታች ስላችሁ ሊማሊሞን ወርዳችሁ፣ ድብ ባሕርን አልፋችሁ ዛሪማ ነው፣ ቆላው። እና ያላየ ሰው አያምንም፤ ከኔ ደጃፍ ቆማችሁ ቁልቁል ብታዩ የእህቴ አገር ጭሱ ይታያል፣ ግን ሌላ ዓለም ነው። እኛ ዘንድ ያለው ገብስና ባቄላ ነው፣ ዛፉ ኮሶና አስታ ነው፤ በጉ ጠጉሩ መሬት ይጠርጋል፣ ሰዉም እንደ በጉ ደበሎ ለብሶ ይውላል። ትንሽ ስትወርዱ ወይራው ይመጣል፣ ደበሎውን ታወልቃላችሁ። ደግሞ ስትወርዱ ግራርና ቁርቁራው ይመጣል፣ ጋቢውንም ታወልቃላችሁ። ዛሪማ ስትደርሱ ፍየሉ እንደተላጨ ነው፣ ጠጉር የለው፤ ማሽላው ከሰው ይረዝማል፣ ሰሊጡ በሉት፣ ጥጡ በሉት፣ ሎሚው በሉት… እግዜር ታች ሲደርስ እጁን የዘረጋ ነበር የሚመስለኝ። ስሙኝ፣ ያቃጥለኝ የነበረው ይኼ ነው።

ወለላ ታዲያ ለጥምቀት ለጥምቀት ትመጣለች። በእግሯ እንዳይመስላችሁ! በጭነት ማኪና፣ ጣልያን በሠራው መንገድ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጥጡ ከራሷ ማሳ የተለቀመ። ከማኪናው ላይ ሎሚ በዘንቢል፣ ማር በቅል፣ ሰሊጥ በአቁማዳ ይወርዳል። ከዚያ እሷ ትወርዳለች፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ። እኔ ልጅ አልነበረኝም። አማቴ ታዲያ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ውይ ውይ ውይ! ወለላዬ! ምን ያለች ሸጋ ናት እቴ! ቤት ሙሉ፣ ጀርባ ሙሉ!» ትላለች፣ እና እኔን በጎን ታየኛለች። ወለላ ደግሞ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «እታለም፣ ምነው ከሳሽ? ብርዱ ነው?» ትለኛለች። ብርዱ ነው! በዚያ በቀጭን ድምጿ፣ እያዘነችልኝ እኮ ነው፣ ብርዱ ነው?

አንድ ዓመት ታዲያ «የሎሚ ችግኝ አምጪልኝ» አልኳት። እሷ ምን በልጣኝ፣ እኔስ ምን አንሶኝ! አመጣች። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ተከልኩት፣ ፍግ አለበስኩት፣ ማታ ማታ በጀንዲ፣ በምንተኛበት ቁርበት፣ እሸፍነዋለሁ፣ ጧት ጧት እገልጠዋለሁ። ባሌ ተገኘ ማሾፍ ይወድ ነበር፣ «አንቺ ሴት፣ ምነው ጋቢዬንስ አትደርቢለትም? ሌሊት ሲያስነጥሰው ሰምቻለሁ» ይለኛል። ኅዳር ገባ፣ ውርጩ መጣ። አንድ ጧት ብገልጠው ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ፣ ጠቁሮ፣ ተኝቷል። አለቀስኩ። ለሎሚ ያለቀሰች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለቀስኩ። የሷ አገር ዛፍ እንኳ እኔን ጠላኝ አልኩ።

ወለላ ከዚያ በፊት አንድ ወንድ ልጅ በንዳድ ሞቶባት ነበር። ንዳድ ዛሬ ወባ የምትሉት ነው። አውቃለሁ፣ ለቅሶውን ግን እዚያው ላይ ሆነን ነው የተቀመጥነው፤ የደጋ ሰው ቆላ አይወርድም፣ ይፈራል። ታዲያ ሎሚው ከደረቀ በኋላ በመጣው መስከረም የወለላ ባል ካሳ ሴቷን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ጥሩነሽ ናት፣ ጥሩ እንላታለን፣ ገና እየተኮላተፈች። ዓይኗ ቢጫ፣ እግሯ ጭራሮ ሆኗል። ካሳ ቁጭ ሳይል፣ «እትዬ፣ ንዳዱ ለቀቃት እንጂ ተመልሶ ይይዛታል። ዝናቡ ሲያባራ ውሃው በየጉድጓዱ ይተኛል፣ ትንኙ ይነሳል፤ የፊተኛውም በዚሁ ጊዜ ነው የሄደብን። መሬቱ እስኪደርቅ አንቺ ዘንድ ትቆይልኝ» አለኝ።

«ወለላስ ምን አለች?»

«አለቀሰች፣ ግን ውሰዳት አለች።»

ተቀበልኳት። አጥሚት አልኩ፣ ወተት አልኩ፣ ደበሎ አለበስኳት፣ እና ጉንጯ እንደ ደጋ ልጅ ቀላ! ከጀርባዬ አትወርድም። አንድ ቀን እሳት ዳር ተቀምጠን «እማ» አለችኝ። እኔ አላስተማርኳትም፣ ተገኘ ቢኖር ይመሰክርልኝ ነበር። አላረምኳትም እንጂ።

ታኅሣሥ ላይ ወለላ ልትወስዳት መጣች። «ጥሩዬ፣ ነይ» አለች እጇን ዘርግታ። ጥሩ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። «እማ፣ ይቺ ማናት?» አለችኝ። አዬ! የወለላን ፊት ያላየ!

«እማ? እማ ማናት?» አለች።

«ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» አልኩ።

«አንቺ ታውቂያለሽ! ሎሚዬን ፈለግሽ፣ ሰጠሁሽ። አሁን ደግሞ ልጄን?» ብላ እያስለቀሰቻት ነጥቃኝ ሄደች። እና ቤቱ ባዶ ሆነ፣ ጭር አለ። ግን ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ሞቅ አለ፤ ወለላ ቀናች! ወለላ! በኔ!

ታዲያ በዓመቱ ክረምቱ አለቀ፣ መስከረም ጠባ፣ ልጅቱ አልመጣችም። አፋፉ ላይ እየቆምኩ ቁልቁል አያለሁ። ተገኘ «ግቢ እንጂ፣ ጉንፋን ትይዣለሽ» ይላል፣ አልሰማውም። ከዚያ በርበሬ ጭኖ የሚወጣ አንድ ነጋዴ፣ «የካሳ ቤት ንዳድ ገብቷል፣ ትንሿ አትበላም፣ አትጠጣም» አለን። ተነሣሁ። ተገኘ በሩን ይዞ፣ «በመስከረም ቆላ? ልትሞቺ ነው?» ቢለኝ፣ «ልሙታ!» ብዬው ወጣሁ፣ እና ወደ ዛሪማ የሚወርድ ማኪና ላይ ተሳፈርኩ።

ዛሪማን ያን ቀን ነው ያየሁት። ሙቀቱ የምድጃ አፍ ነው። ሎሚው አለ፣ አረንጓዴ፣ ፍሬው ሲያበራ፣ ግን የሚለቅመው የለም፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። ለካ ያ ሎሚውን የሚያፋፋው ሙቀት ትንኙንም ያፋፋው ኖሯል! እኔ ላይ ሆኜ ዘንቢሉን ብቻ ነበር የማየው። ወለላ መሬት ላይ ልጇን ታቅፋለች፣ ራሷም በትኩሳት ትነድዳለች። አየችኝ፣ የምትቆጣበት አቅም የላትም።

«እታለም» አለች፣ «ውሰጃት። እማ ትበልሽ። ብቻ ትኑርልኝ።»

«አንቺም ትወጫለሽ» አልኳት።

«ካሳንስ ማን ያስታምመዋል? ሂጂ፣ ማኪናው እንዳያመልጥሽ።»

ያቺን ልጅ ደረቴ ላይ አድርጌ ሊማሊሞን ወጣሁ። ጠመዝማዛው ላይ ነፋሱ እየቀዘቀዘ መጣ፣ ወይራው መጣ፣ ጉሙ መጣ። ደባርቅ ያለው ድሬሰር፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ኪኒን ሰጣት፣ ለወለላና ለካሳም በዚያው ሾፌር ላከልኝ። «እንኳን ወጣችሁ» አለኝ፣ «ትንኟ ይህን ብርድ አትችለውም፣ እዚህ እንደገና የሚነክሳት የለም።» ያን ውርጭ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ መሰላችሁ! ሎሚዬን የገደለብኝ ውርጭ ልጄን… የወለላን ልጅ ማለቴ ነው፣ እሷን ጠበቀልኝ።

ዳነች። እነሱም ዳኑ። ታኅሣሥ ላይ ወለላ መጣች፣ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት። ምነው ከሳሽ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። በሩ ላይ ቆመን ሁለታችንም ልጅቱን እናያለን፣ ማንን ትጠራ ይሆን እያልን። ጥሩ እኔን አየች፣ እሷን አየች፣ እና ጣቷን እየቀሰረች፣ «አንቺ የላይ እማ፣ አንቺ የታች እማ» ብላ ጨረሰችው! ከሽማግሌ ይሻላል እኮ! ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲገባ ወደኔ ትወጣለች፣ መሬቱ ሲደርቅ ወደሷ ትወርዳለች። በኋላ አግብታ እዚህ ጎንደር ገባች፤ ጎንደር ወይናደጋ ነው፣ ላይም አይደል ታችም አይደል። ወለላም ዐረፈች፣ ተገኘም ዐረፈ፣ እኔም ይኸው የጥሩ ቤት እጦራለሁ። ይቺ እናንተን ያስገባቻችሁ ጥሩ ናት እኮ! እኔ ጠይቄያት አላውቅም፤ እስቲ አንተ ጠይቅልኝ።

«እትዬ ጥሩ፣ ከሁለቱ የቱን ታበልጪ ነበር?»

«ክረምት ክረምት የላይ እማን፣ በጋ በጋ የታች እማን።»

ሰማችሁ? ሰማችሁልኝ? አትሳቁ! በጋው እኮ ይረዝማል!