የጸበሉ ዳር ትርንጎ

በጃንሆይ ጊዜ ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ በጭነት መኪና ስንሄድ፣ ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ ለእኔና አጠገቡ ለተቀመጡት ሽማግሌ መነኩሴ ብርቱካን አደለን።

«ከማሳህ ነው?» አሉት መነኩሴው።

«አዎ አባ። መሬቱ የገዳም ነበር። በሽታ ገብቶ መነኮሳቱ ሲበተኑ ለአባቴ አደራ ሰጡት። አንድ እንኳ ከተመለሰ ልንለቅ ነው ቃላችን።»

«የተመለሰ አለ?»

«እስካሁን የለም። ልጆቼን የማሳድገው በሱ ነው።»

«ጸበሉ ዳር ያለው ትርንጎስ ያፈራል?»

ገበሬው ደነገጠ።

«ትርንጎውን እንዴት አወቁት?»

«ውኃ እንዳታጓድልበት፣ ልጄ።»

መኪናው ቆመ።

«አባ፣ እዚህ እወርዳለሁ ብለው አልነበር?» አለ ገበሬው እየወረደ።

«ተውሁት፤ አልፋለሁ።»

እኔ የደረሰኝን ብርቱካን እስቴ እስክንገባ አልላጥሁትም።