የጋሽ ታረቀኝ እጅ

ዛሬም እጄን በሳሙና ስታጠብ ጋሽ ታረቀኝ ትዝ ይሉኛል። ለማስተርስ ጥናቴ አዲስ ቅዳም ከተማ እየዞርሁ የሰው እጅ በጥጥ እየጠረግሁ ባክቴሪያ እሰበስብ ነበር። ጋሽ ታረቀኝ፣ ተጋቢዎች ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ሽማግሌ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩዬ ጋር እየሳቁ እጃቸውን ሰጡኝ። ውጤቱ ወራት ፈጀ። የሁለቱን ባክቴሪያ የዘረመል ፊደሎች ጎን ለጎን ሳስተያይ በአንድ ፊደል እንኳ አልተለያዩም። ይህን ላጫውታቸው ከምማርበት ከእንጅባራ በሚኒባስ ሄድሁ፤ ለካ እትዬ ጥሩዬ አርፈው ኖሯል።

ለቅሶ ደርሼ ተቀመጥሁ። ምሳ ቀረበና ጋሽ ታረቀኝን ላስታጥባቸው ማንቆርቆሪያውን ሳነሳ፣ "ያ የወሰድሽው ነገር ምን ሆነ?" አሉኝ።

"የእርስዎና የእትዬ አንድ ዘር ሆኖ ተገኘ" አልሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እጃቸውን ሰበሰቡ። "ምን አልሽ? ዘመዴን ነው ያገባሁት? አባቴ ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው እኮ የዳረኝ!"

"ኧረ እናንተን አይደለም ጋሼ፣ ባክቴሪያውን ነው! አብሮ የኖረ ሰው በመነካካት ይወራረሰዋል" አልኋቸው ደንግጬ።

መዳፋቸውን ገልጠው አዩ።

"የእሷ አሁንም እዚህ አለ?"

"ይኖራል።"

"ስታጠብ ይሄዳል?"

"አይሄድም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያ አስታጥቢኝ" አሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።