የታቢታን እግር ያጠበ ሰው

ክቡራንና ክቡራት ለቀስተኞች፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረየስ፣ የቀበሌያችን ጓድ ደረሰ፣ ከእርሻ መሥሪያ ቤት የመጣችሁ ባልደረቦቻችን፤ ሐዘኑ የተሰማችሁ ካላችሁ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ካሳሁንን ስታሙት ኖራችሁ ስትቀብሩት ታለቅሳላችሁ። ምን እያላችሁ ታሙት እንደነበር አውቃለሁ፤ ጠጅ ቤት አብሬያችሁ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «የሚስቱን እግር የሚያጥብ ወንድ» ነበር የምትሉት።

አዎ፣ ያጥብ ነበር። እናንተ እግራችሁን ለሚስቶቻችሁ ዘርግታችሁ ስታዛጉ፣ እሱ ያጥብ ነበር። ሚስቱ ታቢታ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆማ ዓሣ ስትበልት ነው የምትውለው። ለምን እንደጀመረ ብጠይቀው፣ «እኔ ወንበር ላይ ነው የዋልኩት፤ የቆመችው እሷ ናት» አለኝ። ይህን ለመረዳት ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው ሰሞን ደስታ አልነበረውም። ራሱ ነግሮኛል። እሷ እፍረት ይዟት እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ትሸሽጋለች፤ እሱ ሰው እንዳያየው በር በሩን ያያል። ተኮራርፈው ያደሩበት ጊዜም አለ። ግን በማግስቱ ሳፋውን አነሳ። በማግስቱም አነሳ። እየቆየ በሩን መዝጋት ተወ። ኋላማ በረንዳ ላይ ሆነ፤ በአጥራቸው ሥር ያለፋችሁ ሁሉ ሳቃቸውን ሰምታችኋል። ሰምታችሁም ተናደዳችሁ። የሰው ሳቅ ምን አደረጋችሁ?

የውይይት ክበቡን ታስታውሳላችሁ። ጓድ ደረሰ፣ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲያስተምሩን አረፈዱ። አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳይበርድ ካሳሁንን አስነሥታችሁ፣ የወንድን ክብር ለምን ታዋርዳለህ፣ ምንስ ትጠቀማለህ ብላችሁ አፋጠጣችሁት። ስለ እኩልነት በተጠራ ስብሰባ! እሱም ኮፍያውን አውልቆ እንዲህ አለ፦

«መጀመሪያ ምንም አልተጠቀምኩም። አፍር ነበር። እየለመድኩት ስሄድ ግን ሲመሽ ደስ ይለኝ ጀመር። እናንተ ሲመሽ ምን ይላችኋል?»

ዛሬ እኔ ልመልስ። ሲመሽ ይከፋናል። እሱ በየማታው ደስታን ሲለማመድ እኛ በየማታው ሐሜት ተለማመድን። የዘሩትን ማጨድ አይቀርም፤ እኛም በሐሜቱ ተካንን፣ ፊታችን ግን ጠቆረ።

ዛሬ ጠዋትስ? ልንገንዘው ስንገባ ታቢታ ሳፋዋን ይዛ መጣች፤ እግሩን እኔ ልጠበው አለች። አቶ ገብረየስ፣ እርስዎ በር ላይ ቆመው ከለከሏት። የወንድ ሬሳ ሴት አታጥብም፣ ሥርዓት ነው አሏት። ሥርዓት! ከሥርዓቱ የሚያውቁት መከልከሉን ብቻ ነው።

«እሱ የኔን ሲያጥብ ማን ፈቀደለት?» አለች።

አልጮኸችም፤ አልፋዎት ገባች። እርስዎም ገለል አሉላት፤ አፍረው አይደለም፣ ውሃው ካፖርትዎን እንዳይነካው ነው። ተንበርክካ አጠበችው፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አጠበችው። ከዚያ ሁሉ ወንድ ፎጣ የሚያቀብላት ጠፋ።

ካሳሁን ወንድሜ፣ አንተ ንጹሕ ሆነህ ትሄዳለህ። እነዚህ ቀባሪዎችህ ቤታቸው ገብተው እንደለመዱት እግራቸውን ይዘረጋሉ። ታቢታም የመቃብርህን አፈር ረግጣ ትመለሳለች።

ደህና ሁን። ዛሬ ማታ ውሃ የሚያሞቅላት የለም።