ለቅሶ ቤት ቃል የጠየቁት መምህር

አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከወረቀት ስለማነብ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መምህር ባንተአምላክ፣ ከሃያ አራት ዓመት በፊት ከጎጃም ተመድበው ሰቆጣ የገቡ ዕለት፣ ከዚህ ከቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሦስት ገበሬዎች በእኛ በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ይከራከሩ ነበር። እርስዎ ሻንጣዎን አስቀምጠው፣ ነጠላዎን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ እኔ ወደምሠራበት መዝገብ ቤት ገብተው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«እኅቴ፣ እነዚህ አባቶች ቅኔ እየዘረፉ ነው?»

«ኧረ መምህር፣ አህያ ጠፍቶባቸው ነው» አልሁዎት።

በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩ። ከገጠር የመጡት እናቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ደስ ብሎዎት አንዷን አሮጊት «እናቴ፣ ምን ያዙ?» አሏቸው። እኔ አስተረጎምሁ። እሳቸውም «ልጄ፣ ድምፅህ ያምራል፤ በሳምንቱም ዘምርልን» አሉ።

ያን ቀን ማታ እንጀራ እንኳ አልበሉም። በማግሥቱ ግን ደብተር ይዘው መጡ። «እማዋይሽ፣ አስተምሪኝ፤ እስክለምድ ድረስ ደግሞ ከጎኔ ቁሚና አስተርጉሚልኝ» አሉኝ።

ቄስ ወልደ ኢየሱስ፣ ዛሬ አይቆጡኝ። ያኔ ግን ተቆጥተው ነበር። «ቅዳሴውን ልትነካብን ነው?» አሏቸው። መምህርም «አባቴ፣ ቅዳሴው እንዳለ ነው። የሚለወጠው የእኔ ምላስ ነው» ብለው መለሱ። በሦስተኛው ወር መምህር አንድ ቃል ሲስቱ፣ ከኋላ ሆነው በኽምጣኛ «እንዲያ አይባልም!» ብለው የጮኹት ማን ነበሩ? እስከዚያ ቀን እኮ ኽምጣኛ መቻልዎን ዲያቆናቱም አያውቁም ነበር!

አንድ ጥፋት ግን የእኔም ነው። መምህር አንድ ቀን «ተመለሱ በኽምጣኛ ምን ይባላል?» አሉኝ። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅሁም፤ ለመንገደኛ የሚባለውን ነገርኋቸው። ለካ ስለ ንስሐ ሊያስተምሩበት ኖሯል። በትምህርቱ መካከል እጃቸውን ዘርግተው ያንን ቃል ቢሉት፣ ሕዝቡ ዱላውን እያነሣ ወጣ።

«እማዋይሽ፣ ምን አድርጌ ነው?»

«ወደየቤታችሁ ሂዱ አሏቸው።»

ስንስቅ ስንስቅ ነው የተለወጥነው። ቀድሞ ሥጋ ወደሙ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ ይመስለን ነበር። ለምን እንደምንጾም፣ ለምን እንደምንሰግድ በእናታችን ቋንቋ ስንሰማ ግን ባልና ሚስት አብረው ንስሐ ገብተው መቍረብ ጀመሩ። ዓመታት የተኳረፉ ጎረቤቶች እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ይቅር ተባባሉ። አጥሩም ዛፉም ያው ነው፤ እኛ ግን ሌላ ሰው ሆነናል።

አሁን የሚያስጨንቀን አንድ ነገር ነው። መምህር ጡረታ ወጥተው ነገ ይሄዳሉ። በቦታቸው የተመደቡት መምህር ምሳው፣ እዚህ ከአጠገባቸው የተቀመጡት፣ ኽምጣኛ አንድ ቃል አያውቁም። የደብሩ ኮሚቴ አስተርጓሚ ካልተገኘ የእሑዱ ትምህርት ይቁም ብሏል። መምህር ባንተአምላክ ባለፈው ሳምንት እንዳስተረጉም እኔን ጠየቁኝ። «እኔን ይተዉኝ መምህር» አልኋቸው። «እሺ፣ አልጫንሽም» አሉኝ። ለምን እንቢ እንዳልሁ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

ልጄ ማርታ ታማ የተለየችኝ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት መቆም አልቻልሁም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አይዞሽ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ይለኛል፤ ቃሉ ጆሮዬ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። እንባም እንቢ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን መምህር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ያቺን ደብተር ከኪሳቸው አወጡ።

«እማዋይሽ፣ እግዜር ያጽናሽ በኽምጣኛ እንዴት ይባላል?»

ለቅሶ ቤት መጥቶ ቃል የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተናድጄ ነገርኋቸው። ተሳሳቱ። አረምኋቸው። እንደገና ተሳሳቱ። ሦስተኛውን ስነግራቸው፣ ራሴ በገዛ አፌ «እግዜር ያጽናሽ» እያልሁ መሆኔ ገባኝ። ያኔ አለቀስሁ። ማርታ ከሞተች ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበር። መምህር አላባበሉኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ።

መምህር፣ አውቀው ይሁን በእውነት ጠፍቶብዎት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁዎትም። አሁንም አይንገሩኝ። ግን አመሰግንዎታለሁ። ስለ እኔ፣ ስለ እነዚያ እናቶች፣ ባልተወለዱበት አገር እስከ እርጅናዎ እንደ ተማሪ ሆነው ስለተሳሳቱልንም አመሰግናለሁ።

በሉ ጠላችሁን አንሡ። መምህር፣ እግዚአብሔር መንገድዎን ያቅናልዎት። ከባለቤትዎና ከልጅ ልጆችዎ ጋር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ያገለገሉበትን ጉልበት በእረፍት ይክፈልዎት።

መምህር ምሳው፣ እርስዎም ያንሡ እንጂ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጎንዎ ቆሜ አስተረጉምልዎታለሁ። መካከል ላይ ድምፄ ቢቆረጥ ጥቂት ይታገሡኝ፤ እቀጥላለሁ።

ለመምህር ባንተአምላክ!