ጋዝ ለኩራዝ ነው
ካዛንቺስ አንድ ጥግ ላይ ጎሚስታ ነኝ፤ ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ደንበኛዬ የሆነ የሚኒባስ ሾፌር ከነተሳፋሪው መጣ። ጎማውን ብለካው ንፋሱ ከልኩ አልፏል። «አባባ፣ አስተንፍሱት፤ ይፈነዳብኛል» አለኝ። «ሙቀቱ ነው። አሁን ካስተነፈስኩት ጠዋት ይተኛብሃል።» «እንግዲያው ሌላ ጋ እሄዳለሁ» አለ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ተበትኗል፤ የቀረኝ ደንበኛ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከኋላ ወንበር ደብተር የታቀፈች መምህርት በመስኮት ብቅ አለች። «እውነታቸውን ነው። ጋዝ ሲሞቅ ይገፋል፣ ሲበርድ ይላላል፤ ሕግ ነው።» ደነገጥኩ። «ልጄ፣ ጋዝ ለኩራዝ ነው። እኔ ንፋስ ብቻ ነው የሞላሁት።» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ሳትስቅ፣ «አባባ፣ ንፋስም ጋዝ ነው፤ ትንፋሽዎም» አለችኝ። ሾፌሩ «በቃ ይሁን» ብሎ ሳያስተነፍስ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ በብርዱ ተመልሶ መጣ። ለካሁት፤ ልክ ነው። «ሕጉን ያውቁት ነበር ለካ» አለኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ጎተራ ሰፈር የሄዱት ጎረቤቶቼ መኪና ጎማ ውስጥ ያለው እኔ የሞላሁት የካዛንቺስ ንፋስ ነው። ፀሐይ ስትወጣ እዚያም ሆኖ ቀስ እያለ ይገፋል።